የእንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ተማሪን በሳይንሳዊ ምርምር የሚደግፍ ሶፍትዌር አሠራር

ስልካችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ የትምህርት አፖች የፈተና መለማመጃ ናቸው። ጥያቄ ይመጣል፣ ከአራቱ አንዱን ትነካላችሁ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበራል። ለማትሪክ ዝግጅት ይጠቅማሉ። ተማሪው ግን ራሱ ጥያቄ አንስቶ፣ ሙከራ አቅዶ፣ ለክቶ፣ ከለካው ተነስቶ ምክንያት እንዲያስረዳ አያደርጉም። ይህ መመሪያ ያንን ሁለተኛውን ዓይነት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። ጎንደር ውስጥ የሳይንስ ክበብ የሚመራ መምህር ሊሆን ይችላል። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚፈልግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሊሆን ይችላል። ኮድ መጻፍ የሚችል ወላጅ ከሆነም እሰየው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ጥያቄው ይህ ነው፦ እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ካለው ይልቅ ለምን ይቀዘቅዛል? የምናስበው 7ኛና 8ኛ ክፍልን ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር እንያዝ። ፕላዝማን፣ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት፣ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ተማሪው ገና ጥያቄውን ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነው። የእናንተ አፕ ይህንኑ በትንሽ ስክሪን ከደገመ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ውስጥ የእንስራው መልስ የትም ቦታ አይጻፍ። ተማሪው የሚደናቀፍበትን ቦታ ፈልጉ፣ ድጋፉንም እዚያ ላይ ብቻ አስቀምጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ምረጡ

ጥሩ የምርምር ጥያቄ ተማሪው ቤቱ ውስጥ ያየው ነገር ነው። በእጅ ባለው ዕቃ ይለካል። ውጤቱ በአንድ ቀን ይታያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ በላይ አሳማኝ መልስ አለው። ሁሉም ተማሪ መልሱን ከመጽሐፍ የሚያውቀው ከሆነ ምርምር ሳይሆን ቃል በቃል መድገም ነው የሚሆነው።

እንስራው ይህን ሁሉ ያሟላል። ተማሪዎችን ጠይቋቸው። አንዱ “ሸክላ በባሕርዩ ቀዝቃዛ ነው” ይላል። ሌላዋ “ወፍራም ስለሆነ ሙቀት አያስገባም” ትላለች። “ጥላ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው” የሚልም አይጠፋም። “እንስራው ስለሚያልበው ነው” የሚል ከመጣ ወደ ነገሩ ተጠግቷል። አራቱም መላምቶች በሙከራ ሊፈተኑ ይችላሉ። ዕቃውም ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት።

ሶፍትዌሩን የሚሠራው ሰው ሳይንሱን በደንብ ማወቅ አለበት። ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ ከላዩ ላይ ይተናል። ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 1 ግራም ውሃ ሲተን 2,400 ጁል ገደማ ይወስዳል። 1 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ግን 4.2 ጁል ማውጣት ይበቃል። ስለዚህ ከ2 ሊትር ውሃ 20 ግራም ብቻ ቢተን፣ ከውጭ ሙቀት ባይገባ ኖሮ፣ የቀረውን በ6 ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዘው ነበር። ሙቀት ከአየሩ ስለሚገባ በተግባር የምታዩት ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ትነቱ ይቀንሳል። በኅዳርና በጥር በደረቁ አየር የሚታየው ልዩነት በክረምት መግቢያ ላይ በጣም ሊያንስ ይችላል። ይህን ልብ በሉት፣ ስክሪኖቹ ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሙከራውን ራሳችሁ ሥሩት

ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው። ላፕቶፑ ይከፈታል፣ ሎጎ ይሠራል፣ የመግቢያ ገጽ ይዋባል። ሙከራው ግን በእውነት ይሠራ አይሠራ ማንም አላየም።

ሁለት ተመሳሳይ ትናንሽ ገንቦዎችና ያንኑ ያህል ውሃ የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ያዙ። ገንቦዎቹ ያልተሟሹ መሆናቸውን ሻጯን ጠይቁ። የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለሚደፈን አያልበውም፣ ልዩነቱም ይጠፋል። ገንቦዎቹን ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩ። ደረቅ ሸክላ መጀመሪያ ውሃውን ራሱ ይጠጣል። ስትመዝኑም ውሃውን ብቻ አትመዝኑ፣ ዕቃውን ከነውሃው መዝኑ። አለዚያ ግድግዳው ውስጥ የገባውን ውሃ “ተነነ” ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ። 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ከሁለቱ ገንቦዎች አንዱን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት። ይህ የሙከራው ልብ ነው። ሸክላው በባሕርዩ ቀዝቃዛ ከሆነ የተጠቀለለውም መቀዝቀዝ ነበረበት። ውፍረቱ ከሆነ ምክንያቱም እንዲሁ። ካልቀዘቀዘ ግን ትነቱ ላይ ጣት ይቀሰራል። ይህን ሐሳብ አፑ ውስጥ አትጻፉት። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ነው የምንደክመው።

ቴርሞሜትሩ ቀዩ፣ የአልኮሉ ይሁን። የሜርኩሪው ከተሰበረ መርዝ ነው። ሦስቱን ዕቃዎች በሦስት ቴርሞሜትር የምትለኩ ከሆነ መጀመሪያ ሦስቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ጨምራችሁ እኩል ማንበባቸውን እዩ። በፈላ ውሃ ልፈትሽ የሚል ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። “የፈላ ውሃ 100 ካላሳየ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል” የሚል አፕ የጎንደርን ደህና ቴርሞሜትር በሙሉ ያስጥላል።

ሰዓቱንም ያዙ። ልዩነቱ በደንብ እስኪታይ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ጠዋት ተጀምሮ በዕረፍት ሰዓት እየተለካ እስከ ቀትር መሄድ ሊኖርበት ነው። ይህ አንድ እውነታ የሶፍትዌሩን ግማሽ ዲዛይን ይወስናል፦ አፑ ተዘግቶ ሲከፈት ከቆመበት መቀጠል አለበት።

ደረጃ 3፦ ስክሪኖቹን በወረቀት ሥሩ

ኤ4 ወረቀት ለአራት ቁረጡ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ስክሪን በእርሳስ ሳሉ። ከሰፈር አምስት ልጆች ጥሩና ሙከራውን በእነዚህ ወረቀቶች እየተመሩ እንዲሠሩ አድርጉ። እናንተ ወረቀት ከመቀየር በቀር አፋችሁን ዝጉ። ከባዱ ሥራ ይኼ ነው፤ መምህር የሆነ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል።

የምትፈልጉት መደናቀፊያውን ነው። “ምን ልጻፍ?” ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሳያነቡ ያለፉትን ስክሪን፣ “መልሱ የታለ?” ያሉበትን፣ ተከራክረው የተስማሙበትንም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ሙከራ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታዎች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎች ሁለትና ሦስት ነገር በአንዴ ይቀይራሉ። አንዱን ዕቃ ፀሐይ ላይ ሌላውን ጥላ ላይ ያስቀምጣሉ፣ የውሃውም መጠን ይለያያል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ይመዘግባሉ እንጂ ምን እንደሚል አይጠይቁትም። ሦስተኛ፣ ድምዳሜ ሲጽፉ የለኩትን ትተው ከመጽሐፍ ወይም ከመምህር የሰሙትን ይጽፋሉ።

ድጋፉ የሚያስፈልገው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ሌላው ቦታ ላይ አታብዙ። ልጆቹ በራሳቸው የሚያደርጉትን ነገር አፑ ደረጃ በደረጃ ሲመራቸው ይሰለቻሉ፣ ሳያነቡም “ቀጥል” “ቀጥል” ይላሉ።

ደረጃ 4፦ አራቱን ስክሪኖች ሥሩ

*ግምት።* “መላምታችሁን ጻፉ” የሚል ባዶ ሳጥን አታቅርቡ። በስልክ ኪቦርድ ፊደል መጻፍ ለብዙ ተማሪ ቀርፋፋ ነው፣ ውጤቱም አንድ መስመር ነው የሚሆነው። በምትኩ ባዶ ግራፍ አሳዩ። አግድሙ ደቂቃ፣ ሽቅቡ ዲግሪ ነው። ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙቀት እንዴት እንደሚሄድ በጣታቸው ይስሉታል። ሁለት መስመር ለመሳል መወያየት ግድ ነው። ከዚያ “ለምን?” የሚል ጥያቄ መጥቶ በድምፅ ይመልሳሉ። 30 ሰከንድ ቅጂ ይበቃል። ይህ ግምት ይቆለፍ። ኋላ ላይ አዲስ ግምት መጨመር ይችላሉ፣ የመጀመሪያውን ግን ማጥፋት አይችሉም። ሐሳብ መቀየር ነውር እንዳልሆነ የሚታየው የመጀመሪያው ሐሳብ አብሮ ሲቀመጥ ነው።

*ዕቅድ።* ይህ ስክሪን ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካርዱ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ የውሃው መጠን፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ክዳን አለው ወይስ የለውም፣ ምን ተደርጎበታል የሚሉ መስመሮች ይኑሩ። ሁለት ካርዶች የሚለያዩበት መስመር ቀለሙ ይቀየር። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይውጣ፦ “እነዚህ ሁለት ዕቃዎች በ3 ነገር ይለያያሉ።” ስህተት ነው አይበል። ቀይ መስቀል አያሳይ። ተማሪዎቹ ዓረፍተ ነገሩን አይተው “እና ልዩነት ብናይ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ በምን እናውቃለን?” እንዲሉ ነው የምንፈልገው።

ሦስት ነገር እየተለያየ ልቀጥል ቢሉስ? እኔ ይቀጥሉ ባይ ነኝ። አንዳንድ ባለሙያ ቁልፉን ዝጋባቸው ይላል። ግን የተዘጋ ቁልፍ የሚያስተምረው ቁልፉን መክፈት ነው፤ ተማሪው ካርዶቹን አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ይነካካል፣ ለምን እንደሆነ አያስብም። ጊዜ በጣም ጠቦ ከሆነ መምህሩ በቃል ይግባ።

ፍንጭ የሚጠይቁ ካሉ ፍንጩ ጥያቄ ይሁን። የመጀመሪያው “የጓደኛችሁን መላምት ውሸት መሆኑን ለማሳየት ምን ታደርጋላችሁ?” ይበል። ሁለተኛው “ሸክላ ሆኖ ግን የማያልበው ዕቃ ማግኘት ይቻላል?” ይበል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ፍንጭ የለም።

*መለኪያ።* ሠንጠረዡ ቀላል ነው። ጊዜው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስልኩ 9:15 ይላል፣ ተማሪው 3:15 ይጽፋል። ሁለቱ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከተቀላቀሉ ግራፉ ስድስት ሰዓት ይዘላል። መፍትሔው ሰዓት አለመጠየቅ ነው። “ሙከራው ተጀመረ” የሚለውን ሲነኩ አፑ መቁጠር ይጀምር፣ እያንዳንዱ ንባብም “ከተጀመረ 45 ደቂቃ” ተብሎ ይያዝ። ቀን ማሳየት ካስፈለገ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ጳጉሜንም አትርሷት።

21.5 ለማለት 215 የጻፈ ተማሪ ይኖራል። አፑ አይከልክለው። “215 ዲግሪ። ደግማችሁ ታነቡታላችሁ?” ብሎ ይጠይቅ። ከከለከላችሁት አፑ የሚቀበለውን ቁጥር ፈልጎ ይጽፍላችኋል። በእያንዳንዱ ሦስተኛ ንባብ ላይ ደግሞ ግራፉ ከግምታቸው መስመር ጋር አንድ ላይ ይውጣና አንድ ጥያቄ ይምጣ፦ “እስካሁን ያሰባችሁትን ይመስላል?” ሁለት መስመሮች ሲራራቁ ሲያዩ ያለ ማንም ቆስቋሽ ይጨቃጨቃሉ። ቁጥሩ ቶሎ ማውራት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

*ማብራሪያ።* ሦስት ሳጥኖች ይበቃሉ፦ መልሳችን፣ ማስረጃችን፣ ማስረጃው መልሱን የሚደግፍበት ምክንያት። ዋናው ብልሃት ማስረጃ ሳጥኑ ውስጥ ጽሑፍ መጻፍ አለመቻሉ ነው። ከራሳቸው ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ቁራሽ ጎትተው ብቻ ነው የሚያስገቡት። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሶፍትዌር በ1977 እ.ኤ.አ. ድርቅ ጊዜ በጋላፓጎስ ደሴት የነበሩ ወፎችን እውነተኛ ዳታ ለተማሪዎች ሰጥቶ፣ የትኞቹ ለምን እንደተረፉ ማብራሪያቸውን ከዳታው ጋር እያያያዙ እንዲጽፉ ያደርግ ነበር።

መልስ ሳጥኑ ላይ “ልዩነት አላየንም” የሚል ምርጫ እንደ ሌላው እኩል ይቀመጥ። የተሟሸ ገንቦ ያጋጠመው ቡድን፣ ወይም በዝናብ ቀን የለካ ቡድን፣ እውነተኛ ውጤቱ ይህ ነው። እነሱ “ለምን እኛ ጋ ብቻ?” ብለው ሲነሱ ክፍሉ ሁሉ ይጠቀማል።

ውሃ ሲተን ቅንጣቶቹ ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል መጨመር ከፈለጋችሁ ከማብራሪያው በኋላ አድርጉት። በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት እንዲህ ያሉ ማሳያዎችን በነፃ ያቀርባል፣ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀምም ይቻላል። ቀድሞ ከታየ ግን ተማሪው ገንቦውን የሚለካበት ምክንያት ያጣል።

ደረጃ 5፦ ድጋፉ እንዴት እንደሚነሳ አሁኑኑ ወስኑ

በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ትንንሽ ልጆች የእንጨት ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ፒራሚድ ሲሠሩ የምትረዳቸው አስተማሪ ምን እንደምታደርግ ተመልክቶ ነበር። እንዲህ ያለው እርዳታ ግንበኛ ግድግዳው እስኪቆም እንደሚያቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሳል። ብዙ የትምህርት ሶፍትዌር ድጋፉን መጨመር ይችልበታል፣ ማንሳቱን ግን ይረሳዋል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያው ምርምር የካርዶቹ ልዩነት በራሱ ቀለም ይቀየር። በሁለተኛው ምርምር “ልዩነቱን አሳየን” የሚል ቁልፍ ሲነኩ ብቻ ይታይ። በሦስተኛው ካርዶቹ ባዶ ይሁኑ፣ መስመሮቹንም ራሳቸው ይሰይሙ። ማብራሪያው ላይም ሦስቱ ሳጥኖች በመጨረሻ አንድ ባዶ ገጽ ይሁኑ። የድጋፉን መጠን የሚቀይረው መምህሩ ይሁን። ለየቡድኑ ለብቻው መቀየር ይቻል። አፑ በራሱ እንዲወስን ማድረግ ፕሮግራሙን ያወሳስባል፣ ተማሪውን ከመምህሩ በላይ የሚያውቅም አይመስለኝም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው መልስ ሰጪ ላስገባ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ኔትወርክ ይፈልጋል። ሲጠየቅም የእንስራውን ምስጢር በሁለት ሰከንድ ይዘከዝከዋል።

ደረጃ 6፦ ለእውነተኛው ክፍል ኮድ ጻፉ

ኔትወርክ የለም፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ጀምሩ። አምስት ተማሪ በአንድ ስልክ ወይም ታብሌት ይሠራል ብላችሁ አስቡ። በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት ከቻላችሁ ይበቃችኋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከመስመር ውጭ እንዲሠራ የሚያደርገው ሰርቪስ ወርከር የሚባለው የብራውዘር ክፍል በኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ አይነሳም። ላፕቶፓችሁን ሰርቨር አድርጋችሁ በዋይፋይ በተራ ኤችቲቲፒ ብታካፍሉ ገጹ ይከፈታል፣ ተማሪው ከዋይፋዩ ሲርቅ ግን ይጠፋል። ገንቦዎቹ ደግሞ ያሉት ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገጾቹን አፕ ውስጥ አሽጋችሁ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) አድርጓቸው፣ በብሉቱዝ ወይም ዜንደር በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ አፕ ይተላለፋል። መጠኑን ከ10 ሜጋባይት አታሳልፉ። ከትልቁ ሞዴል ይልቅ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ስልክ መሞከሪያ አድርጉ።

እያንዳንዱ ንባብ እንደተጻፈ ወዲያው ይቀመጥ። “አስቀምጥ” የሚል ቁልፍ አትሥሩ፣ ይረሳል።

የፊደል ነገር ሦስት ማሳሰቢያ አለው። ፎንቱን ከአፑ ጋር አስገቡ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው። ጽሑፉ ከ18 ፒክሰል አይነስ፣ ፀሐይ ላይ “ሰ”ና “ስ” አይለዩም። የቡድን ስም ወይም ቃል የምትፈልጉበት ቦታ ካለ ደግሞ ከማወዳደራችሁ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጧቸው። “ፀሐይ” ብሎ የጻፈና “ጸሀይ” ብሎ የጻፈ ተማሪ አንድ ነገር ነው የጻፉት። መልሳቸውን በቃል ማመሳሰል ለማረም ግን አትሞክሩ።

ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። “ትነት”፣ “ተለዋዋጭ”፣ “መላምት” የሚሉትን ቃላት ሲነኳቸው የእንግሊዝኛው ስያሜ ብቅ እንዲል ብታደርጉ ኋላ ይጠቅማቸዋል። ትርጓሜ አትጨምሩበት።

ስልኩ የማን ነው? የባለ ስልኩ ልጅ ሌላውን አያስነካም። በእያንዳንዱ ስክሪን መጀመሪያ ላይ “ስልኩን በስተቀኝ ላለው ስጡ” የሚል ገጽ አስገቡ። አንዱ ያነባል፣ አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ይጽፋል፣ ከዚያ ይዞራል። ቀላል ነው፣ ግን ከብዙ ኮድ የበለጠ ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ለመምህሩ አንድ ገጽ ስጡት

ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ አሥር ቡድን ጋ በአንዴ መድረስ አይችልም። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው። የትኛው ቡድን የትኛው ስክሪን ላይ እንዳለ ማየት፣ እና የሁሉንም ግራፍ አንድ ላይ ማሳየት። ነጥብና ደረጃ አትጨምሩ። ደረጃ የወጣ ዕለት ተማሪው የሚለካውን ትቶ መምህሩ የሚወደውን ይጽፋል።

ግራፎቹን በኬብል፣ በሆትስፖት ወይም በፋይል ሰብስቡ። ቁጥሮቹን በሲኤስቪ (በተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ከላካችሁ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አድርጉ፣ መነሻው ላይ ቦም የሚባለውን ምልክት አስገቡ። ያለዚያ ኤክሴል አማርኛውን ወደማይነበብ ምልክት ይለውጠዋል። ፕሮጀክተር ከሌለ አሥሩን ግራፍ በአንድ ገጽ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከገጹ ጋር ሦስት የመወያያ ጥያቄ ጻፉለት። የማንኛው ቡድን መስመር ከሌላው ይለያል? የተጠቀለለው ገንቦ ያለው ቡድን ምን አየ? ክብደት ብዙ የቀነሰው ዕቃ ከሁሉም የቀዘቀዘው ነው ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚዛኑና የቴርሞሜትሩ ቁጥሮች አንድ ላይ ይመጣሉ። ፈጣን ተማሪዎች ካሉ ከላይ ያለውን የ20 ግራምና የ6 ዲግሪ ስሌት ራሳቸው እንዲሠሩት ስጧቸው።

ደረጃ 8፦ ክፍል ገብታችሁ አዳምጡ

መጀመሪያ በአንድ ክበብ፣ በደረቁ ወራት ሞክሩት። ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡና ተማሪዎቹ ስለ ምን እንደሚያወሩ ብቻ ጻፉ። “የቱን ልንካ?”፣ “እንዴት ነው የሚመለሰው?” የሚል ከበዛ ችግሩ ስክሪኑ ላይ ነው። ጽሑፍ ቀንሱ፣ ቁልፍ አንሱ። “የእናንተ ለምን ቶሎ ወረደ?”፣ “አይ፣ እሱ ነፋስ ላይ ነበር” የሚል ከበዛ ስክሪኑን አትንኩት። ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ሁሉም እያንዳንዱን ገጽ እንደ ፎርም እየሞላው ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ግምት ስክሪን ላይ ተመለሱና ሁለት የሚጋጩ ግምቶች እንዲስሉ አስገድዱ።

የሦስት ቡድን ማብራሪያ ውሰዱና ማስረጃ ሳጥኑን ብቻ አንብቡ። ማስረጃው ከመልሱ ጋር ይሄዳል? መልሱ ስህተት ሆኖ ማስረጃው በትክክል የተያያዘ ከሆነ አፑ ሥራውን ሠርቷል፣ የቀረው የመምህሩ ነው። መልሱ ትክክል ሆኖ ማስረጃው የማይገናኝ ከሆነ ዕቅድና ማብራሪያ ስክሪኖቹን እንደገና ወደ ወረቀት መልሷቸው።

ሁለተኛውን ምርምር ስታስገቡ ኮዱን እንደገና አትጻፉ። የካርዶቹ መስመሮች፣ የሚለካው ነገር፣ መለኪያውና ሁለቱ ፍንጮች ከአንድ የጽሑፍ ፋይል የሚነበቡ ከሆነ፣ መምህሩ ራሱ ሊቀይራቸው ይችላል። ለሁለተኛው ጥሩ የሚሆነው ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚለው ነው። ጎንደር፣ ከእሷ ከፍ የምትለው ደባርቅና ቆላ ላይ ያለችው መተማ ያሉ መምህራን ፋይሉን በቴሌግራም ከተላላኩ ሦስቱ ከተሞች አንድ ግራፍ ላይ ይወጣሉ።